ቤት ጎማው ሲፈነዳ

አሜሪካ ውስጥ ለዕረፍት የሚወጣ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቤቱን ቆልፎ፣ ሻንጣውን ጎትቶ ሆቴል ይገባል። ሌላው ከቤቱ ለመራቅ ሲል ሌላ ቤት ገዝቶ ከመኪናው ኋላ ይቀጥላል፤ አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኼ ነው። አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ ሽንት ቤት፣ ሻወር፣ የውሃ ታንከርና የጋዝ ሲሊንደር፣ ገንዘቡ ለተረፈውም ቁልፍ ሲጫኑት ወደ ጎን እየተንሸራተተ የሚወጣ ሳሎን ያለው ቤት፣ በአራት ጎማ ላይ ተቀምጦ ከተራራ ወደ በረሃ፣ ከበረሃ ወደ ተራራ ይጎተታል። አርቪ ከሚባሉት ተንቀሳቃሽ ቤቶች ሁሉ በብዛት የሚሸጠው ይኸው ተሳቢው ነው።

ከእነዚህ ቤቶች አብዛኛዎቹ የሚሠሩት በሰሜን ኢንዲያና፣ ኤልክሃርት በምትባል ከተማና በአካባቢዋ ነው። ክብደታቸው እንዳይበዛ ግድግዳቸው ከቀጭን እንጨት ወይም ከአሉሚኒየም ይዋቀራል። የሙያው ሰዎች ተሳቢ ቤት በተነዳ ቁጥር የሚደርስበትን መናወጥ ከመሬት መንቀጥቀጥ ጋር ያመሳስሉታል፤ ልዩነቱ የመሬት መንቀጥቀጥ በደቂቃ ሲያበቃ ይኼኛው ከቁርስ እስከ እራት መቆየቱ ነው። ማታ በሩ ሲከፈት ብርጭቆው አልጋ ላይ፣ ትራሱ ምድጃ ላይ፣ የቁም ሳጥኑ መዝጊያ ከነማጠፊያው ወለል ላይ ተጋድሞ ቢገኝ የሚደነግጥ የለም።

ይህን ሁሉ የሚጎትተው ሰው ምን ሥልጠና አለው ቢባል፣ ምንም። ጠቅላላ ክብደቱ ወደ 11.8 ቶን እስካልደረሰ ድረስ በአብዛኞቹ ግዛቶች ተራ የቤት መኪና መንጃ ፈቃድ ይበቃዋል። የጭነት መኪና ሾፌር ከመነሣቱ በፊት ጎማውን፣ ፍሬኑን፣ መብራቱንና ማያያዣውን እንዲያይ የፌዴራሉ ደንብ ያስገድደዋል። ባለ አርቪው ግን ከመነሣቱ በፊት ማየት ያለበት ባለቤቱ መኪና ውስጥ መግባቷን ብቻ ይመስለዋል።

የዚህ መንገደኛ ትልቁ እምነት አንድ ነው፤ ተሳቢው ሞተር ስለሌለው አይበላሽም። የመኪናውን ዘይት ይለውጣል፣ የራዲያተሩን ውሃ ያያል፣ ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ ካለች ጉዞውን ይሰርዛል። ተሳቢው ትዝ የሚለው ነዳጅ ማደያ ገብቶ መዞሪያ ሲያጣ ነው።

ተሳቢው ደግሞ ቀይ መብራት የለውም። የሚታመመው በዝምታ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ከጎማው ይጀምራል። ለተሳቢ ተብሎ የሚሠራ ጎማ በጎኑ ላይ «ኤስቲ» የሚል ምልክት አለው፤ ብዙዎቹም የተሠሩት በሰዓት ከ105 ኪሎ ሜትር ለማይበልጥ ፍጥነት ነው። ዩታና ኔቫዳን የመሳሰሉ የምዕራብ ግዛቶች ግን በአንዳንድ አውራ ጎዳናቸው 129 ኪሎ ሜትር ይፈቅዳሉ። ካሊፎርኒያ ደግሞ ተሳቢ ለሚጎትት ሁሉ ከ88 እንዳያልፍ ከልክላለች፤ ተከልክሏል ማለት ቀርቷል ማለት እንዳልሆነ በዚያ መንገድ አንድ ሰዓት የነዳ ሰው ይመሰክራል።

ጎማው በዚያ ላይ ዕድሜ አለው። በጎኑ ከተጻፈው ረጅም ቁጥር የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 የሚል ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። የተሳቢ ቤት ጎማ ከሚሄድበት ጊዜ የሚቆምበት ይበልጣል። ጓሮ ቆሞ ፀሐይ ይመታዋል፣ ላስቲኩ ይደርቃል። ስለዚህ ብዙ ባለሙያዎች አምስት ስድስት ዓመት ከሞላው ለውጡት ይላሉ። ባለቤቱ ግን ጎንበስ ብሎ ጥርሱን ያያል፤ ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ምን ጎድሎት ይለወጣል? የተሳቢ ጎማ ጥርሱን ሳይጨርስ የሚሞት ፍጡር መሆኑን የሚያውቀው ከቀብሩ በኋላ ነው።

አሟሟቱም ጎረቤት ያስከትላል። በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ጎማ ፊትና ኋላ ስለሚቆም፣ አንዱ ሲፈነዳ የእሱ ሸክም በሙሉ ከጎኑ ባለው ላይ ይወድቃል፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ ይከተላል። ሾፌሩ ይህን አይሰማም። ጉልበተኛው ፒክአፕ ምንም እንዳልተፈጠረ መጎተቱን ይቀጥላል፤ ከጎማው የተገነጠለው ላስቲክ እየዞረ የቤቱን ሆድ ይገርፋል፣ የመብራት ሽቦውን ይበጥሳል፣ የውሃ ቧንቧውን ይሰብራል፣ ሲብስም ወለሉን ቀዶ ኩሽና ይገባል። የሚያልፉ መኪኖች ጥሩምባ እየነፉ ወደ ኋላ ይጠቁሙታል። እሱም የአገሩ ሰው ደግነት ልቡን ነክቶት እጁን ያውለበልባል።

ከጎማው ቀጥሎ ኩሽኔታው ነው። የተሳቢ ጎማ የሚዞርበት ኩሽኔታ በዓመት አንዴ ወይም በየ19,000 ኪሎ ሜትሩ ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ አዲስ ግሪስ እንዲገባለት አክስል ሠሪዎች ይመክራሉ። ግሪሱ ሲያልቅ ብረት ከብረት ይፋጫል፣ ይግላል፣ ይጨሳል፤ በመጨረሻ ጎማው ከነቸርኬው ተነቅሎ ይሄዳል። ነጻ የወጣ ጎማ ደግሞ ፍሬን ስለሌለው ተሳቢውንም መኪናውንም ቀድሞ ሊያልፍ ይችላል። «ይኼ ደግሞ የማን ጎማ ነው?» ብሎ በመስኮት የሚያይ ሾፌር መልሱን ለማግኘት ብዙ አይጠብቅም።

ሳሎኑ አልገባም ብሎ መንገድ ላይ እንደተዘረጋ የቀረባቸው፣ የቆሻሻ ውሃ ታንከሩ ክዳን በጉዞ መሃል የወለቀባቸውም አሉ። ይህን ዝርዝር ምግብ ላይ ላለ አንባቢ ሲባል ማለፍ ይሻላል።

የኢትዮጵያ መንገድ ይህን ችግር በሰው ፈትቶት ነበር። ኤንትሬ የተባለው የጭነት መኪና ከነተሳቢው ወደ አሰብ በሚወርድበት ዘመን ጋቢና ውስጥ ሁለት ሰው ነበር፤ ሾፌርና ረዳት። ሾፌሩ ፊቱን ያያል፣ ረዳቱ ኋላውን። መኪናው በቆመ ቁጥር ረዳቱ ወርዶ ጎማውን በዱላ እየመታ ድምፁን ይሰማል፣ የጎማውን መሃል በእጁ ይዳስሳል፣ ዳገት ላይ ከሆነ ከማንም በፊት ታኮውን ከጎማው ሥር ይወትፋል። ደመወዙ ትንሽ፣ ስድቡ ብዙ፣ መኝታውም ከተሳቢው ሥር ነው። የአሜሪካ አርቪ የጎደለው ይኼ ሰው ነው። ለሁለት መቶ ሺህ ብር መኪና ረዳት የቀጠረ አገር ሲኖር፣ በዶላር የተገዛ ቤት ያለ ረዳት ሲሄድ ማየት ያስተዛዝባል።

ተሳቢ ቤትና ኢትዮጵያ ጨርሶ የማይተዋወቁም አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1959 ዋሊ ባያም የተባለው የኤርስትሪም ኩባንያ መሥራች 41 የሚያብረቀርቁ የአሉሚኒየም ተሳቢ ቤቶችን አስከትሎ ከኬፕታውን ወደ ካይሮ ተነሣ። ጉዞው በኢትዮጵያ አቋርጦ አልፏል፤ መንገደኞቹም ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኝተዋል። ከኬፕታውን እስከ ፒራሚዶቹ ግርጌ ሰባት ወር ያህል ፈጀ። በዚያን ዘመን መንገድ ላይ ብረት መሰባበሩ የዕለት እንጀራ ነበር፤ ለባያም ግን ጉዞ ማለት ቤቶቹ የሚፈተኑበት ቦታም ነበር። የእሱ መንገደኞች አንድ ትልቅ ብልጫ ነበራቸው፤ የአንዱ ቤት ሲሰበር አርባ ጎረቤት አብሮ ይቆማል። የዛሬው ባለ አርቪ ብቻውን ነው የሚሰበረው።

ብቻውን መሰበር ምን እንደሚመስል ለማየት አንድ ቤተሰብ እናስብ። ባልና ሚስት ናቸው፤ ዴንቨር ይኖራሉ፣ ኦክላንድ ያሉ ዘመዶቻቸውን ሊጠይቁ ተሳቢ ቤት ይዘው ተነሥተዋል። የሚስትየው እናት ከደብረ ሲና ለጥየቃ መጥተው ከኋላ ወንበር ተቀምጠዋል። ሟች ባላቸው የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበሩ እንበል። ከመነሻው ሴትየዋ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤

«ረዳቱ የታለ?»

«እማማ፣ እዚህ አገር ረዳት የለም።» አለ አማቹ።

«እና ኋላህን ማን ያይልሃል?»

«ካሜራ አለው።»

ካሜራው ለመንገድ እንጂ ለኩሽኔታ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ማንም አላነሣም።

ከዴንቨር ወደ ምዕራብ የሚወስደው አይ-70 መንገድ ገና ሳይሞቅ ዳገት ነው። የአይዘንሃወር ዋሻ ከባሕር ወለል 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ ተራራውን ይበሳል፤ ጣርማ በርን ሲወጡና ሲወርዱ የኖሩት እናት ለዋሻ አዲስ አይደሉም። ቁልቁለቱ ላይ ግን ፍሬን የበጠሰ መኪና የሚገባበት፣ በጠጠር የተሞላ አቀበት መውጫ ሲያዩ በጣም ወደዱት። «ይኼን የሠራ ሰው ነፍሱን ይማረው» አሉ፤ መሐንዲሱ ይሙት አይሙት አልጠየቁም።

ቁልቁለቱ ላይ ተሳቢው ጭራውን ማወዛወዝ ጀመረ። ምክንያቱ ከኋላ አልጋው ሥር ነበር፤ ለኦክላንድ ዘመዶች የተጫነ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምጥን፣ ቡላ፣ አንድ የብረት ምጣድም አለ። ከተሳቢው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ማያያዣው ላይ ማረፍ አለበት፤ ጭነቱ ወደ ኋላ ከበዛ ማያያዣው ይቀልላል፣ ጭራው ይወዛወዛል፣ ሲብስም መኪናውን ጠምዝዞ ይዞት ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. በ1954 ሉሲል ቦልና ዴሲ አርናዝ የሠሩበት «ዘ ሎንግ ሎንግ ትሬለር» የተባለ አስቂኝ ፊልም የቆመው በዚሁ ጉዳይ ላይ ነው። አዲስ ሙሽራዋ በየደረሱበት ትዝታ ይሁነኝ እያለች ድንጋይ ትሰበስባለች፣ ጣይው ብትባልም ትደብቀዋለች፣ ተሳቢ ቤቱም በተራራ መንገድ ላይ ሊገድላቸው ይደርሳል። በርበሬ ከድንጋይ ይሻላል፤ ቢያንስ ይበላል። ባልየው ግን እግሩን ፍሬን ላይ ከመጫን ይልቅ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጁ ቀስ አድርጎ እንዲይዝ ከገዛበት ቦታ ተነግሮት ነበርና፣ እንደተባለው አደረገ፤ ጭራው አደብ ገዛ። ዋናው ትምህርት ገብቶት ቢሆን ኖሮ ወርዶ ጭነቱን ወደ ፊት ባመጣ ነበር። አላመጣም፤ ምጣዱ ይከብዳል።

ከዚያ ኔቫዳ ገቡ፣ ዩኤስ-50 ላይ። «ላይፍ» መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1986 የዚህን መንገድ ወደ 460 ኪሎ ሜትር የሚሆን ክፍል በአሜሪካ ከሁሉ ይበልጥ ጭር ያለው መንገድ ብሎ ሰይሞ፣ በሕይወት በመትረፍ ችሎታው የማይተማመን ሰው እንዳይሄድበት የተሰጠ ማስጠንቀቂያም አትሟል። የኔቫዳ ሰዎች ስድቡን ሽልማት አደረጉት፤ የጉዞ መትረፊያ መምሪያ ብለው ደብተር አሳተሙ። መንገደኛው ኢሊ፣ ዩሬካ፣ ኦስቲን፣ ፋለን በደረሰ ቁጥር ማኅተም እያስመታ ያልፋል። በከተሞቹ መካከል ያለው ተራራ፣ ሜዳ፣ ተራራ፣ ሜዳ ነው፤ የስልክ ኔትወርክም ለረጅም ጊዜ ይጠፋል።

«ልጄ፣ ኋላህ ይጨሳል» አሉ እናት።

ባልየው ካሜራውን አየ፤ መንገድ። የጎን መስታወቱን አየ፤ ጥቁር ጭስ።

ቆሙ። በቀኝ በኩል የኋለኛው ጎማ ተበጣጥሶ ቸርኬው ላይ ጥቂት ሽቦ ቀርቶታል። ሴትየዋ ማንንም ሳይጠይቁ ድንጋይ አንሥተው ከግራው ጎማ ሥር ወተፉ። ቀጥለው ከመንገዱ ዳር ካለው የበረሃ ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ እየዘነጠፉ ከተሳቢው ኋላ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ደረደሩ፤ ከደብረ ሲና እስከ ሚሌ ያለ ሾፌር ሁሉ የሚያነበው ምልክት ነው። ባልየው በበኩሉ የሚያንጸባርቁትን ሦስት ማዕዘኖች አወጣ። የጭነት መኪናዎች ደንብ እንደሚለው አንዱን ከኋላ 3 ሜትር ያህል፣ አንዱን ከኋላ 30 ሜትር ያህል፣ አንዱን ከፊት 30 ሜትር ያህል ርቀት ላይ አቆመ። ቅጠሉና ሦስት ማዕዘኑ ጎን ለጎን ቆሙ፤ ለማን ምልክት እንደሚያገለግሉ ለጊዜው አልታወቀም፣ የሚያልፍ መኪና አልነበረምና።

አሁን የዕቃው ነገር መጣ። ተሳቢ ቤት ሲሸጥ ብዙውን ጊዜ ስኮርታ ጎማ አለው፤ ክሪክ ግን የለውም። ጎማ ይዘህ ሂድ፣ ማንሻውን እግዜር ያውቃል እንደማለት ነው። የመኪናው ክሪክ ሲሞከር አጭር ሆነ። የመኪናው ጎማ መፍቻም ለተሳቢው ብሎን ሰፋ። ክሪኩን ድንጋይ ላይ አቁሞ አክስሉ መሃል ሊገባ ሲል ሚስቱ የአጠቃቀም መጽሐፉን ይዛ ደረሰች። «አክስሉን አትንካ ይላል! ይጎብጣል ይላል! ከዋናው ብረት ሥር ነው።» የሚያናድደው እውነቷን መሆኑ ነው።

ክሪክ ለሌለው ሰው አንድ የታወቀ ዘዴ አለ። ከተበላሸው ጎማ ፊት ያለውን ደህናውን ጎማ በወፍራም ጣውላ ላይ ቀስ ብሎ ማስወጣት ነው፤ እሱ ሲወጣ የተበላሸው ከመሬት ይነሣል። ጣውላ የለም። ሴትየዋ ምጣዱ ይሁን ብለው ሐሳብ አቀረቡ፤ በአንድ ድምፅ ውድቅ ሆነ።

ሚስትየዋ ጉብታው ላይ ወጥታ ኔትወርክ አገኘች፤ የመንገድ ላይ እርዳታ የሚሰጠውን ስልክ ደወለች። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ውሎች ርካሹን ክፍያ ለሚከፍል ሰው መኪናውን እንጂ ተሳቢውን አይጎትቱም። ስለዚህ የመጣው መልስ ይህ ነበር፤ መኪናው ምንም አልሆነም ግን ከፈለጋችሁ ወደ ጋራዥ እንጎትትላችኋለን፣ የተበላሸው ቤት ግን ባለበት ይቆይ። በአመክንዮ ደረጃ እንከን የለውም።

ደራሲው ጆን ስታይንቤክ እንኳ ከዚህ አላመለጠም። እ.ኤ.አ. በ1960 ቻርሊ የተባለውን ውሻውን ይዞ አሜሪካን ሲዞር፣ ሮሲናንቴ ብሎ የሰየመው ባለ ቤት ፒክአፑ ከመጠን በላይ ተጭኖ ነበር። ኦሪገን ላይ፣ በዝናብ፣ በዕለተ እሑድ የኋላ ጎማው ፈነዳ። ሌላኛውም ደህና አልነበረም። የታደገው የአንድ ትንሽ ነዳጅ ማደያ ሰው ነው፤ መልኩ የሚያስፈራ፣ ነገር ግን ስልኩ ላይ ተጣብቆ ትክክለኛውን ወፍራም ጎማ አስፈልጎ እስኪያገኝ ያልተቀመጠ። ስታይንቤክ እ.ኤ.አ. በ1962 የኖቤል ሽልማት አገኘ፤ የዚያ ሰውዬ ሽልማት ስለ ጉዞው ከተጻፈው መጽሐፍ ጥቂት ገጾች ናቸው።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። አሜሪካ ውስጥ በረጅም ርቀት የጭነት መኪና የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ከወደ ኢሊ የመጣው ባለ 18 ጎማ ነጠላ የለበሱ እናት በኔቫዳ በረሃ ቅጠል ሲያነጥፉ አይቶ ፍሬን ቢይዝ ተአምር አይባልም። ሾፌሩ ወርዶ መጀመሪያ ያየው ጎማውን ሳይሆን ቅጠሉን ነው።

«እናቴ፣ ደህና ዋሉ? ይኼን ቅጠል ካየሁ ስንት ዓመቴ!»

«ደህና ዋልክ ልጄ። ጎማው አይደለም፣ ጎማ ብቻውን እንዲህ አይሆንም። ሥሩን እይልኝ።»

ሰውየው በባትሪ ገብቶ ሥሩን አየ። ባሌስትራው ተሰብሯል። ከብረት ቅጠሎቹ ዋነኛው ለሁለት ተከፍሎ አክስሉ ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ ጎማውም የቤቱን ሆድ እየፈገፈገ ነው የጋለው፣ የፈነዳውም። ባልየው ያን ስኮርታ ጎማ ገጥሞ ቢሄድ ኖሮ አሥር ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ሁለተኛውን ጎማ በቀበረ ነበር። ከላይ ቆመው «አላልኩም?» የሚል ቃል ከአፋቸው ያላወጡት ሴትየዋ ትልቅ ጨዋ ናቸው፤ ፊታቸው ግን ብሎታል።

ከዚህ በኋላ የሆነው አርቪ ነጂዎች በችግር ቀን የሚያደርጉት ነገር ነው። ሾፌሩ የራሱን ክሪክ አምጥቶ ተሳቢውን አነሣ፤ የተበላሸውን ጎማ አወጣ፤ በተሰበረው በኩል ያለውን የአክስሉን ጫፍ በሰንሰለት ከዋናው ብረት ጋር ወደ ላይ ጠፍሮ አሰረ። አሁን ቤቱ በሦስት ጎማ ሊሄድ ነው። ሦስት ጎማ አራት ጎማ የሚሸከመውን ስለማይሸከም ማቅለል ያስፈልጋል። የንጹሕ ውሃው ታንከር ተከፍቶ ፈሰሰ፤ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነውና መቶ ሃምሳ ሊትር ቢሆን ሁለት ትልልቅ ሰዎች ወረዱ ማለት ነው። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቡላው፣ በመጨረሻም ምጣዱ ወደ ፒክአፑ ተዛወሩ። ቁልቁለቱ ላይ ያልሠራው ምክር ሰንሰለት ሲታይ ሠራ።

ፍሪጁም የራሱን ዜና አመጣ። በጋዝ የሚሠራው የአርቪ ፍሪጅ ውስጡ ያለው ፈሳሽ በራሱ ክብደት ስለሚወርድ፣ ቤቱ ዘመም ብሎ ከቆየ ማቀዝቀዙን ያቆማል። ቤቱ ሲዘምም ውሏል። ስለዚህ ሥጋው እዚያው መንገድ ዳር ተጠበሰ፤ ለሾፌሩም ጥሩ ምሳ ሆነ። «ገንዘብ አልቀበልም» አለ፣ ጥብሱን ግን አልገፋም።

በሰዓት ሠላሳ ኪሎ ሜትር እየተሳቡ አንዲት ትንሽ ከተማ ሲደርሱ ዓርብ መሽቶ ነበር። ጋራዡ ለከብት ማጓጓዣ ተሳቢ የሚሠራ ነው፤ መካኒኩም ቤቱን ከላይ እስከ ታች ሳያይ በቀጥታ ሥሩ ገባ። ባሌስትራ በዓይን አይታዘዝም። ከጆሮ እስከ ጆሮ ያለው ርዝመት፣ የቅጠሎቹ ብዛት፣ ስፋቱ፣ የሚሸከመው ክብደት ይለካል፤ አንዱ ከተሰበረ የማዶውም አብሮ ይለወጣል፣ ያለበለዚያ ቤቱ አንድ ትከሻው ዝቅ ብሎ ይኖራል። ዕቃው ከሌላ ከተማ ይመጣል፣ ሰኞ ወይም ማክሰኞ።

«ተሳቢውን እዚህ ተዉትና ሂዱ» አለ መካኒኩ።

«የት እንሂድ?»

«ወደ ቤታችሁ።»

ሁሉም ዞር ብለው ቤቱን አዩት።

እዚያው አደሩ። ሆቴል ላላገኘ ሰው ይኼ የተለመደ ነው፤ የጋራዥ ባለቤቶች ለእንዲህ ያለ እንግዳ ረጅም የመብራት ገመድ ይዘረጋሉ። ቤቱ በብረት እግር ላይ ስለቆመ ደረጃው መሬት አልነካ አለ፤ የቢራ ሳጥን ተደርድሮ መውጫ ሆነ። አንዱ ሲገላበጥ ሦስቱም ይነቃሉ፤ ባሌስትራ የሌለበት ቤት እያንዳንዱን እንቅስቃሴ እስከ ጣሪያ ያደርሳል። ሴትየዋ ግን ምንም አልደነቃቸውም፤ ባላቸው ኮምቦልቻ ላይ ዕቃ ሲጠብቁ ጋራዥ ማደራቸውን ያውቃሉ። ቅዳሜ ጠዋት ወጥተው የመካኒኩን ግቢ ዞረው ጎበኙ፤ አንድ ሁነኛ ታኮም መርጠው ተሸከሙ፤ ሰውየው በነጻ ሰጣቸው። የመትረፊያ ደብተሩ ላይ የከተማዋ ማኅተም ተመታ። ያን ያህል ሌሊት አድረው አንድ ማኅተም ብቻ መሰጠቱ ለባልየው ግፍ መሰለው።

ባሌስትራው መጥቶ ከተገጠመ በኋላ መካኒኩ አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጠ። ጎማ ከወለቀ በኋላ ብሎኑ እንደገና ሊላላ ይችላል፤ ስለዚህ በ16፣ በ40 እና በ80 ኪሎ ሜትር ላይ ቆማችሁ በልኩ አጥብቁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለቱ ነው፣ በእንግሊዝኛ።

በ16ኛው ኪሎ ሜትር ቆሙ። ሴትየዋ መኪናው ጨርሶ ሳይቆም በሩን ከፍተው ታኮውን ይዘው ወረዱ። በ40ኛውም እንዲሁ። በ80ኛው ላይ ባልየው ብሎኑን ሲያጠብቅ እሳቸው አራቱንም ጎማ በእጃቸው ጀርባ እየዳሰሱ ዞሩ።

«በግራ ያሉት ከቀኞቹ ይሞቃሉ።»

ባልየው ጋራዡ ውስጥ የገዛውን በርቀት ሙቀት የሚለካ መሣሪያ አወጣ። እውነትም በግራ ያሉት ይሞቃሉ። ፊታቸው ወደ ምዕራብ ስለሆነ ደቡብ በግራ ነው፤ ፀሐዩ ያረፈው እዚያ በኩል ነው። ስለዚህ ጎማ መወዳደር ያለበት በዚያው ጎን ካለው ጋር ነው፤ መካኒኩም ይህንኑ ብሏል። ባልየው ይህን ሁሉ በትዕግሥት አስረዳቸው።

«ገባኝ» አሉ። «ይቀዝቅዝ።»

ሩብ ሰዓት ጠበቁ። እንደገና ዳሰሱ፣ ታኮውን አነሡ፣ የቤቱን ጎን በመዳፋቸው ሁለቴ መቱ፤

«ሳበው!»